በአንድ ገንዳ ተስማምተው ስለሚኖሩ የመንጋ ዓሦች

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ማኖር፣ ማለትም አኳሪየም የሚባለው ነገር፣ በአገራችን ገና ብዙ ያልተስፋፋ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሆኖም ከተማሪዎች መካከል ገንዘብ አዋጥቶ ገንዳ ለመግዛት የሚመክር ቡድን አልጠፋም፤ እኛም የሰቃ ልጆች ከነዚሁ ወገን ነን። ገንዳችን ያለው እዚያው ሰቃ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ከተማችን ነው። ስለ ጉዳዩ የሚጠይቁን ጓደኞች ስለ በዙ፣ ያነበብነውንና በዓይናችን ያየነውን አጠቃለን በዚህ መጽሔት ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ዓሣ ምን አገባው እንዳይሉን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ምን ምን ዓሣ እንግዛ?» የሚል ነው። መዋጮ ያወጣ ሁሉ የየራሱን ምርጫ ያቀርባል። አንዱ ቀዩን፣ ሌላው ባለ መስመሩን፣ ሦስተኛው ክንፉ የተንዘረፈፈውን ይላል። በመጨረሻም ቅያሜ እንዳይኖር ሲባል ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ይገዛና ገንዳው የኖኅ መርከብ ይሆናል። ሰዎቹ በዚህ ይታረቃሉ፤ ዓሦቹ ግን ይጣላሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአንዱ ጅራት ተበጣጥሶ፣ ሌላው ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ፣ አንዱም በጧት ሞቶ ተንሳፎ ይገኛል። ከዚህ በኋላ «ውሃው ነው» ይባላል። ውሃውም ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ገና ሱቅ ውስጥ፣ ዓሦቹ ሲመረጡ ነው።

ይህም የሆነበት ምክንያት ለገንዳ ከሚሸጡት ትናንሽ ዓሦች አብዛኞቹ የመንጋ እንስሶች ስለ ሆኑ ነው። መንጋው ለነሱ ጌጥ አይደለም፤ ቤታቸውና ጋሻቸው ነው። ትልቅ ዓሣ ወይም ወፍ በመጣ ጊዜ ብቻውን የሚዋኝ ትንሽ ዓሣ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። መቶ ሆነው አንድ ላይ ሲገለባበጡ ግን አዳኙ የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ከዚህም በላይ መቶ ዓሣ ሁለት መቶ ዓይን አለው፤ አንዱ የደነገጠውን ድንጋጤ ሁሉም በቅጽበት ያውቀዋል። እያንዳንዱ ዓሣ በጎኑ ላይ የውሃን እንቅስቃሴ የሚሰማበት መስመር አለው፤ በዚህና በዓይኑ እየታገዘ ከጎረቤቱ ሳይጋጭ አብሮ ይዞራል። እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ በመንጋ ውስጥ ያለ እንስሳ እያንዳንዱ ጎረቤቱን በራሱና በጠላቱ መካከል ለማስገባት ይጥራል። ስለዚህ መንጋ የፍቅር ማኅበር ነው ብለን የምናስብ ሁሉ ትንሽ ማዘናችን አይቀርም፤ ነገር ግን ዞሮ ዞሮ ሁሉም ይጠቀማል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሁለት ብቻ አድርጎ ገንዳ ውስጥ መጣል፣ በገበያ ቀን ጭር ባለ ሜዳ ላይ ብቻውን እንደ ቆመ ሰው ማድረግ ነው። ጠላት በገንዳው ባይኖርም ዓሣው ይህን አያውቅም። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥግ ይይዛል፣ ምግብ ይተዋል፤ ፍርሃቱም ሲበረታ በሽታን የመቋቋም ኀይሉ ይደክማል። ከአንድ ዓይነት ስድስት ማድረግ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ስምንት ወይም ዐሥር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከአራት ዓይነት ሁለት ሁለት ከመግዛት ከአንድ ዓይነት ስምንት መግዛት ይበልጣል። ዋጋው ተመሳሳይ ሆኖ ውበቱ ግን አይወዳደርም፤ ስምንቱ በአንድ ጊዜ ሲዞሩ ያየ ሰው ሁለተኛ የኖኅን መርከብ አይመኝም።

ቁጥሩ ጠብንም ያበርዳል። ታይገር ባርብ የሚባለው ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ክንፍ ነካሽ በመባል ስሙ የጠፋ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ከሌሎች ጋር ሲቀመጥ እውነትም ነካሽ ነው። ዐሥር ሲሆን ግን መሻማቱና መገፋፋቱ በራሳቸው መካከል ይሆናል፤ ማን የበላይ ማን የበታች እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው ይፈታተናሉ እንጂ ጎረቤታቸውን ብዙ አይነኩም። እንዲህም ሆኖ ክንፉ ረጅምና አካሄዱ ዝግተኛ ከሆነ ዓሣ ጋር ልናኖረው አይገባም። ብዛት ጠባይን ያለዝባል እንጂ አይለውጥም።

የወገን ስም ዋስትና አለመሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ባርብ ሁሉ ሰላማዊ ነው» ወይም «ባርብ ሁሉ ነካሽ ነው» ሲባል እንሰማለን። ለዚህ መልሱን ከራሳችን አገር እናገኘዋለን። በጣና ሐይቅ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል ትላልቅ የባርቡስ ዓይነቶች እንደሚኖሩ ተመራማሪዎች ለይተዋል። ሁሉም የአንድ ዘር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ነገር ግን ስምንቱ ዓሣ በሎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ነፍሳት የሚለቅሙ፣ ሣርና ዝቃጭ የሚቀማምሱ፣ ወይም የሚያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ናቸው። ባርቡሶች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ ይህ ግን እነዚያን ስምንቱን ከማደን አላገዳቸውም። በዚያው ሐይቅ በውሃው መካከል እየዋኙ የሚኖሩ ከጣት የማይረዝሙ ባርቡሶችም አሉ፤ የትላልቆቹ ዘመዶቻቸው ቀለብ መሆናቸውም የታወቀ ነው። ዘመድነት በዚህ ላይ ምንም አልጠቀማቸውም።

ስለዚህ ስም ከመጠየቅ አፍ መለካት ይሻላል። ደንቡ አጭር ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ዓሣ አንድ ቀን ይገባል። ኤንጅልፊሽ የሚባለው ባለ ረጅም ክንፍ ዓሣ ትንሽ ሳለ ከኒዮን ቴትራ ጋር በሰላም ይኖራል። ሲያድግ ግን ኒዮኖቹ አንድ በአንድ ይጎድላሉ፤ የቤቱ ሰውም ወዴት እንደ ሄዱ ግራ ይገባዋል። በአገራችን በቀላሉ የሚገኙት ዓሦችም እንደዚሁ ናቸው። የቆሮሶ ጫጩቶች በመንጋ ሲዋኙ እጅግ ያምራሉ። ነገር ግን ቆሮሶ ያድጋል፤ ወንዱም ለአካለ መጠን ሲደርስ አሸዋ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራና ወደ ድንበሩ የሚጠጋውን ሁሉ ያባርራል። በትንሽ ገንዳ ደግሞ ከድንበሩ ውጭ የሚባል ቦታ የለም። አምባዛንማ ጭራሽ አናንሣው፤ ሌሊት እየተነሣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ወርቅ ዓሣም ቢሆን ከማናቸውም ይልቅ በየሱቁ ቢገኝም፣ የሚያድግና ውሃ የሚያቆሽሽ ስለ ሆነ ለብቻው ቢኖር ይሻለዋል።

አሁን ወደ ሰቃ እንመለስ፤ ምክንያቱም የውጭ መጻሕፍት የሚሰጡት ምክር ለእኛ ቤት ሙሉ በሙሉ አይሠራምና ነው። መጻሕፍቱ በአብዛኛው ውሃው 25 ዲግሪ ይሁን፣ ማሞቂያም ይግባበት ይላሉ። የጅማ አካባቢ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ቀኑ ሞቃት ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለ። ማሞቂያ ይገዛል እንበል፤ ማሞቂያው ግን የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት የገንዳው ውሃ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ይሞቃል። ለዓሣ ከቅዝቃዜው ይልቅ መውረድ መውጣቱ ይከፋበታል። በእኛ አስተያየት ብልህነቱ ቤቱን ለዓሣው ለማሞቅ መታገል ሳይሆን፣ የቤታችንን ውሃ እንዳለ የሚወድ ዓሣ መምረጥ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ሁሉም የሚመኘው ኒዮን ቴትራ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህ ሰማያዊና ቀይ መብራት የመሰለ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1934 በአማዞን ጫካ በኦጉስት ራቦ ተገኝቶ፣ በ1936 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ነው። የሚኖረው ቅጠል ረግፎበት ቀጭን ሻይ በመሰለ ለስላሳ ውሃ ውስጥ ነው። ዝናብ የሚበዛበት የአገራችን ምዕራብ ውሃ በለስላሳነቱ ላይከፋው ይችላል፤ የሙቀቱ መለዋወጥ ግን ይጎዳዋል፤ በአዲስ ገንዳም ቶሎ ይሞታል። የሚወደው ሰው ካለ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ገንዳው ሲረጋ ያስብበት።

እኛ የምንመርጠው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዜብራ ዳኒዮ ነው። በሕንድና በባንግላዴሽ ጅረቶች የሚኖር፣ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሰማያዊ መስመር የተዘረጋበት ዓሣ ነው። ፍራንሲስ ሃሚልተን የተባሉት ሐኪም ስለ ጋንጅስ ወንዝ ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ስሙን ሰጥተውታል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለ ውሃ ያለ ማሞቂያ ደኅና ይኖራል። በዛሬው ጊዜ ከማንኛውም የገንዳ ዓሣ ይልቅ ሊቃውንት የሚመራመሩበት እሱ ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ ተነቦ፣ ከሰው ዘረ መል 70 ከመቶ ያህሉ በሱ ዘንድ አቻ እንዳለው ታውቋል። ዕንቁላሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ የጽንሱ ልብ ሲመታ በማጉያ መነጽር ይታያል። ጠባዩ ፈጣን ነው፤ ከውሃው በላይኛው ክፍል ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። መዝለልም ያውቃል፤ ገንዳው ክዳን ከሌለው ከወለል ላይ ይለቀማል። ቁጥሩ ከስድስት ካነሰ አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ ይውላል።

ሁለተኛው ዋይት ክላውድ ማለት «ነጭ ደመና» የሚባለው የቻይና ዓሣ ነው። በጓንጁ ከተማ አጠገብ ባለ ነጭ ደመና በተባለ ተራራ ጅረት ውስጥ ታን የተባለ የስካውት መሪ አገኘው ይባላል፤ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1932 «የታን ዓሣ» ብለው ሰይመውታል። አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጎኑ ላይ የሚያበራ መስመር፣ ጅራቱ ላይ ቀይ ቀለም አለው። ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይወዳል፤ ስለዚህ የሰቃ ቅዝቃዜ ለሱ ቅዝቃዜ አይደለም። ማንንም አይነካም። በዓለም ዙሪያ በብዙ ቤት የሚገኝ ሆኖ ሳለ በትውልድ አገሩ ግን ከጥቂት ቦታ በቀር ጠፍቷል። በገንዳ የሚረባው ብዛት ጅረቱን አላዳነለትም፤ ይህንን ስናነብ የራሳችን ጅረቶች ታወሱን።

ሦስተኛው ከሥር የሚኖረው ነጠብጣቡ ኮሪዶራስ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ቢግል በተባለችው መርከብ ሲዞሩ ከደቡብ አሜሪካ ሰብስበው ካመጧቸው ዓሦች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ስም ወጥቶለታል። የአርጀንቲናና የኡራጓይ ዓሣ ስለ ሆነ ብርድ ያውቃል። ጢም አለው፤ በጢሙ አሸዋውን እየዳሰሰ የተረፈ ምግብ ይለቅማል። አሸዋው ስለታም ከሆነ ጢሙ ይቆስላልና ጠጠሩ ደቃቅና ለስላሳ ይሁን። አልፎ አልፎ እንደ ቀስት ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ይዞ ይመለሳል፤ አየር በአንጀቱ የሚስብ ፍጥረት ነውና ይህን ያየ ሰው አይደንግጥ። ሁሉም ግን ደጋግመው ይህን ካደረጉ የውሃው አየር አንሷል ማለት ነው።

ሦስቱን አብሮ ማኖር የሚቻለው ቦታ ስለማይሻሙ ነው። ዜብራው ከላይ፣ ነጭ ደመና ከመካከል፣ ኮሪዶራሱ ከሥር ይውላል። አንዱም የሌላው አፍ ውስጥ አይገባም። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይይዛል፤ በዚህ ውስጥ 8 ዜብራ፣ 8 ነጭ ደመናና 6 ኮሪዶራስ ተመችቷቸው ይኖራሉ። ልብ ይሏል፣ 112 ሊትር ውሃ 112 ኪሎ ነው፤ መስተዋቱና ጠጠሩ ሲጨመር ተማሪ የሚያጠናበት ጠረጴዛ አይችለውም። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ገንዳ ያለው ሰው ደግሞ 10 ነጭ ደመና ብቻ ያኑርና ይብቃው። ዜብራ ለመሮጫ ርዝመት ይፈልጋል።

ስለ ውሃው ጥቂት እንበል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ተከፍቶ ይቆይ። የጅረት ውሃ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በእኛ አገር ግን ወሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ሥራ ላይ ናቸው። ከቡናው ልጣጭና ልጋግ የሚወጣው ስኳር ከውሃው ጋር ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን ስኳር ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ውሃውም ይኮመጥጣል። በጅማ ዞን ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከማጠቢያዎቹ በታች ያለው ውሃ በኦክስጅን እንደሚደኸይ አሳይተዋል። ያን ውሃ ወደ ገንዳ መጨመር ዓሦቹን ማፈን ነው። በኪሳችን ያለው የቡና ገንዘብ ከዚያው ጅረት ዳር መምጣቱን አንረሳም፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

ገንዳው ከተሞላ በኋላም ዓሣ ወዲያው በብዛት አይገባም። የዓሣ እዳሪ ወደ አሞንያ ይለወጣል፤ አሞንያም መርዝ ነው። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። መንጋ ተከፋፍሎ አይገባም፣ አዲስ ገንዳም ብዙ ዓሣ አይችልም። መፍትሔው አንዱን መንጋ ሙሉውን ማስገባት፣ ምግቡን በጣም ማሳነስ፣ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ መለወጥና፣ ሁለተኛውን መንጋ ከአንድ ወር በላይ ማቆየት ነው። ነጭ ደመና ይቅደም፤ ሯጩ ዜብራ በመጨረሻ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ቤቱ ሁሉ የሱ ይመስለዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሌላ ነገር፣ «ከራሳችን ጅረት ቁርጡሚ ይዘን ብናኖርስ?» የሚል ነው። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በአገራችን ደጋማ ጅረቶች ጋራ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አሉ። ከአገጫቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ይዘው ፈጣን ውሃ ሳይወስዳቸው አረንጓዴውን ዝልግልግ ይግጣሉ። ከዓይነቶቻቸው ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን የሚወርድ ውሃና ብዙ ኦክስጅን የለመዱ ስለ ሆኑ፣ ብርቱ ፓምፕ በሌለበት፣ መብራትም በሚጠፋበት ገንዳ ከጥቂት ሌሊት በላይ መኖራቸው ያጠራጥራል። እዚያው ድንጋዩ ላይ ሆነው ማየቱ ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይኸውም የገንዳን ዓሣ ወደ ጅረት መልቀቅ ነው። ትምህርት ሲያልቅ ወይም ዓሣው ሲሰለች «ነፃ እናውጣው» የሚል ሰው አይታጣም። ዜብራም ሆነ ነጭ ደመና የእኛን ብርድ የሚችል ነው ብለን መረጥነው፤ ስለዚህ ከጅረታችን ገብቶ የመራባት ዕድሉም ከሌሎቹ የበለጠ ነው። የሰቃ ጅረቶች ወደ ግልገል ጊቤ ወይም ወደ ጎጀብ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ኦሞ ይገባሉ፣ ኦሞም እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። አንድ ጆግ ዓሣ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። በወሎ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ለመልካም ሐሳብ፣ ለሕዝብ ምግብ ተብሎ ተጨመረ። ዓሣውም ተገኘ። ነገር ግን በውሃው ውስጥ አልጌ ይበሉ የነበሩት ጥቃቅን እንስሳት ተመናመኑ፤ ጥርት ያለው የሐይቁ ውሃም ደፈረሰ። ይህ የሆነው በአገር ውስጥ ዓሣ ነው። ገዳም ያስታረቀውን ሐይቅ ያወከ ነገር የሰቃን ቀጭን ጅረት ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም። በሽታና ጥገኛ ትልም ከዓሣው ጋር አብሮ ይገባል፤ የገንዳውን አሮጌ ውሃ እንኳ ወደ ጅረት ከመድፋት አትክልት ሥር መድፋት ይገባል፤ ጎመኑም ይወደዋል።

ዓሣውን ማኖር ያልቻለ ሰው እንግዲህ ለሌላ ገንዳ ላለው ሰው ይስጠው፤ ወይም ከገዛበት ሱቅ ይመልስ። ለጉዞ ከሚሆነው ከረጢት ውሃው ሲሶው ብቻ ይሁን፣ የቀረው አየር ነው። ከመጫኑ አንድ ቀን በፊት ዓሣው አይመገብ፤ ከረጢቱም በጨለማ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። አዲስ አበባና ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የተጓዘ ከረጢት በገንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ተንሳፎ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ቀስ ብሎ ይከፈት። ለአጭር ዕረፍት ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ግን ማንንም ማስቸገር የለበትም፤ ደኅና የበላ ትልቅ ዓሣ አንድ ሳምንት ያለ ምግብ ይቆያል። ይልቁንስ «አደራ መግብልኝ» የተባለ ጎረቤት እንጀራ ፍርፋሪ በእፍኙ ሲበትንበት ነው ገንዳው የሚበላሸው።